የ«ጠ» ትምህርት

ሽምብጥ ከደጃፌ ባጃጅ አወረዳት፣
ግንቦት እኩሌታ፣ ፀሐይ እያነደዳት።
የሻንጣዋ ጎማ አንዱ ተሰባብሮ፣
ባንዱ እግር ሲያነክስ ጠጠሩን ቆፍሮ።
«ስምሽ ማን ነው?» አልኳት። አለችኝ፣ «አይኖ»።
ሰፈሩ በሙሉ ሳቀ ዓይኑን ጨፍኖ።

የወንጌል ተልእኮ ተለማማጅ ኖራ፣
ከፊንላንድ የላኳት ላሥር ወራት ሥራ፤
እኔ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር፣
ሰርቪስ ቤቴን ላከራይ፣ ፊደል ላስቆጥር
ተዋዋልን። በቃ።

በመጀመሪያው እሑድ ከምእመን ፊት ቆማ፣
አዳራሹ ጸጥ አለ ቃሏን ሊሰማ፤
«ከሩቅ አገር» አለች «ወደ እናንተ መታሁ፣
ጌታ ስለ መታ እጅግ ደስ ተሰኘሁ።»
ልጆች ከኋላ ሳቁ አፋቸውን ይዘው፣
አንድ ሽማግሌ፣ «ማንን ነው የመታው?»

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ማታ፣
መብራት ጠፍቶ ሳለ፣ በሻማ ተቀምጣ።
(«ማታ» ከ«ተቀምጣ» ቤት እንደማይመታ አውቃለሁ፤
የእሷ አመል ተጋብቶብኝ ነው፣ ምን አደርጋለሁ።)

«ምላስሽን» አልኳት «ከጥርስሽ ሥር ለጥፊ፣
ትንፋሽ ያዢ፣ ከዚያ እንደ ሎሚ ፍሬ ትፊ።»
ጠላ፣ ጤፍ፣ ጣና፣ ጠዋት፣ ጥርስ፣ ጢስ፤
ሰኔን ሙሉ ተፋች፣ ሻማው እስኪጠፋ ድረስ።
«ሰው ሲሄድ ለምንድን ነው ‹መጣሁ› የሚለው?» አለች፤
ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩትን አፌን አስዘጋች።

በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ይጠየቃል፤
«ምን ሠራሽ? ስንት ሰው በቃሉ ተነክቷል?»
ፊቷን በእጇ ይዛ ረጅም ሰዓት ቆየች፣
«ወንበር ደረደርኩ፣ ድንች ላጥኩ» ብላ ጻፈች፤
«‹ጠ› ገና አልመጣም» ብላ ጨመረች።

በሰኔ በአገሯ ፀሐይ አትጠልቅም አሉ፤
እዚህ አሥራ ሁለት ሲል ደጆች ይዘጋሉ።
ጨለማው እንደ በር ተዘግቶ ሲያስቀራት፣
ከግንቡ ማዶ ሰማሁ ለቅሶዋን። ሳልጠራት
አደርኩ። የቋንቋ ሰው፣ ቃል አጥቼ።

በሐምሌ፣ ዝናብ ሲያባራ፣ ሐይቁ ዳር ወሰድኳት፤
አንሙት ደንገል ሲያስር ታንኳውን አሳየኋት።
«በአገሬ» አለችው «ሐይቅ ላይ እሄዳለሁ፣
በእግሬ! መኪናም ሲሄድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።»
አንሙት ማጭዱን ጣለ፣ ቆቡንም አነሣ፣
«እንደ ጴጥሮስ?» አለ፣ ዓይኑ ፈጦ እንደ ዓሣ።
«በረዶ ነው» አለች፣ ጉንጯ ቀላ።
«በረዶ አውቃለሁ እኔ፣ ዳጉሳዬን የሚፈጅ፣
ሰው ሲሸከም ግን አላየሁም፣ ወዳጅ።»

አሳፈራት። ታንኳ ውሃ ያስገባልና፣
«ሰመጥን!» ብላ ጮኸች፣ እግሯ ራሰና።
«አይዞሽ» አለ አንሙት መቅዘፊያውን ይዞ፣
«ሳይርስ የደረሰ ታንኳ የታል ተጉዞ?»

ማታ እትዬ የሻረግ ባጥር ብቅ ብላ፣
«የት ዋልሽ?» አለቻት ጫማዋን አስተውላ።
አይኖ «በደንገል» ልትል ፊደል አምልጧት፣
«ሐይቁን በድንግል ተሻገርኩ!» አለች ሳይታወቃት።
የሻረግ እልል አለች፣ ውሻው ደነገጠ፤
ልጅቱ አልገባትም፣ ዓይኗ ፈጠጠ።
ለማረም አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ግን ተውኩት፣
ቀይ እስክሪብቶዬን ከኪሴ አላወጣሁት።
በማግሥቱ ለአይኖ ንፍሮ መጣላት።

«ጠ» የመጣው ድንገት ነው፣ ነሐሴ መባቻ፣
ሳሙና ለመግዛት ስትወጣ ለብቻ።
ሻማ አላበራንም፣ ፊደልም አልቆጠርን።
ዣንጥላዋን ይዛ፣ ነጠላ ጫማ አጥልቃ፣
ከበሩ ዞር አለች፦
«ጋሼ፣ መጣሁ።»
ሄደች።

ጠጠሩ ላይ እርምጃዋ ራቀ።
አሥራ ሁለት ሊሆን ነው።
በሩን አልዘጋሁትም።